ሴትነት ስለ ተናቀበት ምክንያት

የአንድ ሕዝብ ክብርና ንቀት የሚታወቀው በሕጉ ብቻ አይደለም። ሕግን የሚጽፉት ጥቂት ሊቃውንት ናቸው፤ ምስጋናና ስድብ ግን የሕዝብ ሁሉ ድርሰት ነው። ስለዚህ የአገራችንን ማኅበራዊ ታሪክ የሚመረምር ሰው፥ ዜና መዋዕሉን ከመግለጡ በፊት፥ ሰው ሲመሰገንና ሲሰደብ የሚባለውን ቢሰበስብ ብዙ ይጠቀማል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፥ በአማርኛ ተናጋሪው የደጋ ሕዝብ ዘንድ ሴትነት የስድብ መሣሪያ የሆነው ስለ ምን እንደ ሆነና የንቀቱ ሥር ከየት እንደ መጣ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቋንቋ ምስክርነት

ጦር ሜዳ የዋለች፥ በሸንጎ ፊት ቆማ የተከራከረች፥ ወይም ባሏ ሞቶባት ርስቷን ያስከበረች ሴት «እሷስ ወንድ ናት» ትባላለች። ከጦር የሸሸ፥ ምሥጢር መያዝ ያልቻለ፥ ወይም ከምድጃ አጠገብ የማይጠፋ ወንድ ደግሞ «ሴታ ሴት» ይባላል፤ ፈሪም ከሆነ «ቀሚስ ልበስ» ይሉታል። እንግዲህ ሰው በምስጋና ከሴትነት ወደ ወንድነት ይወጣል፤ በስድብ ከወንድነት ወደ ሴትነት ይወርዳል። የዚህ ተቃራኒ መንገድ የለም። በሽተኛ የሚያስታምም ወንድ፥ ለልጆቹ የሚራራ አባት ደግነቱ ሊነገርለት ይችላል፤ ነገር ግን «እሱስ ሴት ነው» ብሎ ማመስገን አልተለመደም።

ምናልባት አንባቢ «ወንዳ ገረድ የሚል ስድብም አለ፤ ሴትም ወንድ በመምሰሏ ትነቀፋለች» ይል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ቃሉን ከፍለን ብንመለከተው፥ ወንዳ ገረድ የተባለችው የምትገሠጸው ከተሰጣት ደረጃ በላይ ስለ ወጣች ነው፤ ከስሟም ውስጥ ዝቅ የሚያደርጋት ግማሽ «ገረድ» የሚለው እንጂ «ወንድ» የሚለው አይደለም። ሴታ ሴት የተባለው ግን የሚገሠጸው ከደረጃው ስለ ወረደ ነው። ሁለቱ ስድቦች አንዱን መሰላል ከላይና ከታች ሆነው ይጠብቃሉ።

ሰዋስዋችንም ከዚህ ነገር የራቀ አይደለም። በአማርኛ ግዑዝ ነገር በሴት አንቀጽ ሲጠራ ብዙ ጊዜ ትንሽነቱን ወይም ተወዳጅነቱን ያመለክታል። ትንሽ ጎጆ «ቤቷ» ትባላለች፤ ሰፊው አዳራሽ ግን «ቤቱ» ነው። አብሮ አደግ ወንድን «አንቺ» ብሎ መጥራት ፍቅርና ቀልድ ይሆናል፤ ባላጋራን «አንቺ» ማለት ግን ጠብ ያስነሣል። በሌላ በኩል ፀሐይና ጨረቃ፣ ምድርና አገር በሴት አንቀጽ ይጠራሉ፤ አገርንም «እናት» እንላታለን። ከዚህ እንደምንረዳው የሴት አንቀጽ በራሱ የውርደት ምልክት አይደለም፤ ስድብ የሚሆነው በወንድ ላይ ሲያርፍ ነው።

ምሳሌያዊ አነጋገሮችም የተለያየ ነገር ይመሰክራሉ። «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» የሚለው እኩልነትን ያሳያል። «ሴት የላከው ጅብ አይፈራም» የሚለው የሴትን ትእዛዝ ኀይል ያምናል። «ሴት ሲበዛ ጎመን ጠነዛ» የሚለው ግን በገዛ ሥራዋ ላይ እንኳ እንዳትታመን ያደርጋል። ከሁሉ ይልቅ ልንመረምረው የሚገባው «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ነው። ይህ ተረት ሴት አታውቅም አይልም፤ ዕውቀቷን አምኖ ፍጻሜውን ይከለክላታል። የንቀቱ ጠባይ ይህ ነው፤ የሴትን ችሎታ ሳይክድ ስሙን ለሌላ ይሰጣል።

«ሴት ያሳደገው» የሚለው ስድብ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ሥርዓት የጐደለውን ሰው ለመንቀፍ የሚነገር ሲሆን፥ ነቀፋው የሚያርፈው ግን በእናቲቱ ላይ ነው። ጦርነት በበዛበት አገር አባት የሌለው ልጅ ብዙ ነበር። ባሎቻቸው ዘምተው የቀሩባቸው እናቶች እየፈጩና እየፈተሉ ልጆቻቸውን ለወግ አበቁ፤ ልማድ ግን የእናቲቱን ድካም የልጁ ነውር አደረገው።

መብት ሳይጠፋ የመጣ ንቀት

አንዳንድ ሰዎች የሴትነት መናቅ መብት የማጣት ውጤት ብቻ ነው ይላሉ። የሰሜኑ ደጋ ታሪክ ግን ይህን አሳብ ያርመዋል። በጎጃምም ሆነ በሌላው የአማራ አገር በነበረው የርስት ሥርዓት፥ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ከርስቱ ድርሻ ነበራት። ሚስት በአባቷ ስም ትጠራለች እንጂ በባሏ ስም አትጠራም። በሰማንያ የተጋባች ሴት ፍች መጠየቅ ትችላለች፤ በጋብቻው ውስጥ ከተፈራው ሀብትም እኩሌታውን ትካፈላለች። ይህ ሁሉ በዚያው ዘመን በብዙ የአውሮፓ አገሮች ላገባች ሴት ያልተፈቀደ መብት ነበር።

ታዲያ መብቱ ሳለ ንቀቱ ከየት መጣ? መልሱን ከማረሻውና ከቢላዋው ላይ እናገኘዋለን። በደጋው ልማድ ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሸከማለች፤ ሞፈር ግን አትይዝም። ስለዚህ ባል የሞተባት ባለርስት በሬና አራሽ ወንድ ካላገኘች መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ የምርቱን ከፊል ታጣለች። ርስቱ የእርሷ ሆኖ ሳለ የመሬቱ ፍሬ በወንድ እጅ ያልፋል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የተባለው በዚህ ጊዜ ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ የኑሮ ሥርዓት ይሆናል።

እንደዚሁም ሴት እንስሳ አታርድም። ዶሮን በ12 ብልት መለየት፥ ማጠብና መሥራት ብዙ ትምህርት የሚጠይቅ የባልትና ጥበብ ነው። ይህን የምታውቅ እመቤት ግን ወንድ ከቤት ከሌለ ዶሮዋን ይዛ ከደጅ ቆማ መንገደኛን ትጠብቃለች፤ ወይም የጎረቤት ብላቴና ታስጠራለች። ከሥራው ሁሉ ጥቂቱ፥ ይኸውም አንገት መቁረጡ፥ የወንድ ክብር ሆነ፤ ብዙው ግን የሴት ግዴታ ተባለ። ንቀቱ የተሰጠው ለሥራው ቀላልነት አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል። አንድ ሥራ የሚናቀው ሴት ስለ ሠራችው ነው፤ ወንድም ያን ሥራ በነካ ጊዜ ንቀቱ ወደ እርሱ ይተላለፋል። ስለዚህ ወንዱን ሴታ ሴት የሚያሰኘው ንቀት፥ መጀመሪያ በሴቲቱ ላይ የተፈጠረው ንቀት ልጅ ነው እንላለን።

የመጽሐፍ ሥር

ለዚህ ንቀት ቃልና ሥርዓት ከሰጡት አንዱ የመጽሐፍ ትምህርት ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና ባልንጀሮቹ በግእዝ ያዘጋጁት ክብረ ነገሥት የመንግሥታችንን ታሪክ የሚመሠርተው በንግሥተ ሳባ በማክዳ ላይ ነው። ጥበብን ፍለጋ ወደ ኢየሩሳሌም የሄደችው፥ አገሩንም በጥበብ ያስተዳደረችው እርሷ ናት። ይሁን እንጂ መንግሥቱን ለልጇ ስታስረክብ፥ ከእንግዲህ ወዲህ ሴት እንዳትነግሥ መኳንንቷን ታስምላቸዋለች። የሴትን ንግሥና የሚከለክለው ቃል በንግሥት አፍ መቀመጡ ሊዘነጋ አይገባም። የተናቀው ወገን ራሱ የመሰከረበት ንቀት ከሌላው ይልቅ ይጸናል።

ማክዳ በዚህ መሐላ ስትከብር፥ ያለ መሐላ የገዛችው ግን በጥላቻ ትታወሳለች። በ10ኛው መቶ ዓመት የኖረው የዐረቡ ጸሓፊ ኢብን ሐውቀል በሐበሻ አገር ሴት እንደ ነገሠች ጽፎአል። በአገራችን ትውፊት ዮዲት የምትባለው ሴት የአክሱም አጥፊ ሆና ስትነገር፥ የተሰጣትም ቅጽል «ጉዲት» ነው፤ ሕዝቡም ይህን ስም «ጉድ» ከሚለው ቃል ጋር ያገናኘዋል።

የቤተ ክርስቲያን ልማድም በሁለት ፊት የሚታይ ነው። በኦሪት ሥርዓት መሠረት ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም ሴት አትወጣም፤ ሴት እንስሳ እንኳ አይወጣም። ዳሩ ግን ይህችው ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን ሁሉ በላይ እመቤታችንን ታከብራለች። በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን ሃይማኖት ተቃውማ ወንዶችንም ሴቶችንም የያዙ ማኅበራትን የመራችው ወለተ ጴጥሮስ ገድል ተጽፎላት በቅድስና ትታሰባለች። እንግዲህ የመጽሐፉ ትምህርት ብቻውን ንቀቱን ሊያስረዳ አይችልም፤ ከመጽሐፉ ውስጥ ለንቀት የሚያመቸውን መርጦ ያጐላው ሌላ ኀይል መኖር አለበት።

የጋሻ ሥር

ያ ኀይል የጦር ሥርዓት ነው። በቀድሞው መንግሥት ሹመትና ጉልት በአመዛኙ የሚገኘው በጦር አገልግሎት ነበር። ሰው የሚከብረው በገደለው ቍጥር፥ ስሙ የሚነሣው በፉከራ ነበር። በብዙ ስፍራ የተለመደውም ሰለባ፥ ይኸውም የወደቀውን ጠላት ወንድነት ቈርጦ መውሰድ፥ የዚህን አሳብ መጨረሻ ያሳያል። ጠላትን መግደል አልበቃም፤ ከወንድነት ማውጣት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ «ሰለባ» የሚለው ቃል ለማንኛውም ግፍና ጉዳት ለደረሰበት ሰው የሚነገር ሆኖአል፤ ጥንተ ነገሩን ግን መርሳት አይገባም።

ይህ ጦር ይኖር የነበረው በሴቶች ሥራ ነበር። የደጋው ዘማች ለረጅም ጊዜ ስንቁን ይዞ የሚሄድ እንጂ ከመንግሥት ጎተራ በየቀኑ የሚሰፈርለት አልነበረም። ስለዚህ ከሰፈሩ ጋር ብዙ ሴቶች ይዘምቱ ነበር። ወፍጮ ተሸክመው ይጓዛሉ፤ ሠራዊቱ ሲያርፍ እነርሱ ይፈጫሉ፤ ውሃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ፣ ቍስለኛ ያስታምማሉ። የነገሥታቱን ጠጅ በገንቦ ተሸክመው የሚከተሉት ገንቦኞች በስም የታወቁ የሰፈር ሠራተኞች ነበሩ። እህሉ ካልተፈጨ ሠራዊቱ አይራመድም፤ በፉከራው ግን ወፍጮ አይነሣም። ጋሻ የያዘው እጅ መጅ የያዘውን እጅ የናቀው ያለ እርሱ አንድ ሳምንት እንኳ መዋል ሳይችል ነው።

በዚሁ ምክንያት የእጅ ሥራ ሁሉ የንቀቱ ተካፋይ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ሌላውም በእጁ የሚሠራ ሰው በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል እንደ ነበረ ያስረዳል። የሴትነት ንቀት ከዚህ ወገን ነው፤ ልዩነቱ አንጥረኛና ሸማኔ በአንዳንድ ቤት ብቻ ሲገኙ ፈጪዋ በሁሉ ቤት መኖሯ ነው።

ሦስት ምስክሮች ከታሪክ

የመጀመሪያው የዐፄ ቴዎድሮስ ወጣትነት ነው። አባታቸው ከሞቱ በኋላ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ከችግር የተነሣ በጎንደር ኮሶ ይሸጡ ነበር ተብሎ ይነገራል። ኮሶ ለትል መድኀኒት መኳንንቱም ድኻውም የሚጠጣው ነበር፤ ሻጯ ግን ተናቀች። ካሣ በሸፈቱ ጊዜ ባላጋሮቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድም ይህን ስድብ ተናግሮ ሊይዛቸው ቢዘምት ተሸንፎ ተያዘ፤ ካሣም ኮሶ እንዳጠጡት በታሪክ ይነገራል። ልብ ማድረግ የሚገባው፥ ይህን ዘመቻ ያዘዙት ራሳቸው ሴት፥ ይኸውም የራስ ዐሊ እናት እቴጌ መነን መሆናቸው ነው። ንግሥቲቱ የንግድ ሴትን በሴትነት ሥራዋ የምትንቅ ከሆነ፥ ንቀቱ የወንዶች ብቻ ሀብት ነው ማለት አንችልም፤ የደረጃ ሥርዓት ስለ ሆነ በሥርዓቱ ከፍ ያለ ሁሉ ይገለገልበታል።

ሁለተኛው የእቴጌ ጣይቱ ታሪክ ነው። በ1880 ዓ.ም. መግቢያ እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ ያሰናዱት ታላቅ ግብር፥ ባልትና የመንግሥት ጥበብ ሊሆን እንደሚችል ያሳየ ነበር፤ ከየአገሩ የመጣውን ሹም ባንድ ማዕድ ማስቀመጥ ማለት በአዲሱ መንግሥት ሥር መሰብሰብ ማለት ነውና። የውጫሌ ውል በተከራከሩበት ጊዜ፥ ሴት እንደ ሆኑና ጦርን እንደማይወዱ፥ ነገር ግን ያን ውል ከመቀበል ጦርን እንደሚመርጡ ለጣልያኑ መልእክተኛ መንገራቸው በሰፊው የታወቀ ነው። እንግዲህ እቴጌይቱ ሴትነታቸውን ደብቀው አልተናገሩም፤ ከዚያው ተነሥተው ተናገሩ። በጥር 1888 ዓ.ም. የመቀሌው ምሽግ በተከበበ ጊዜ ውሃውን የመያዝ አሳብ የእርሳቸው እንደ ነበረ ይነገራል። ውሃ መቅዳት በሴት ለተወሰነበት አገር፥ ምሽግ በውሃ ጥም እንደሚወድቅ ሴት ማሰቧ የሚያስደንቅ አይደለም። ዳሩ ግን ምኒልክ በታመሙ ጊዜ እቴጌይቱ መንግሥቱን በእጃቸው ቢያደርጉ፥ መኳንንቱ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከሥልጣን አስወጥተው፥ ሥራዎ በሽተኛ ባልዎን ማስታመም ብቻ ይሁን አሏቸው። ማስታመም ታላቅ ሥራ ነው፤ እዚህ ግን እንደ ቅጣት ተሰጠ።

ሦስተኛው የንግሥት ዘውዲቱ ነው። የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፥ የመንግሥቱ ሥራ በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ እጅ ሆነ፤ ንግሥቲቱም ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ እንዲለዩ ተደረገ። ራስ ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ስለ ነበሩ የሸዋ መኳንንት ይፈሯቸው ነበር፤ ይህ የፖለቲካ ምክንያት ነው። ቢሆንም ፍርሀቱ የተመሠረተበትን እንመልከት። «ባል» የሚለው ቃል ከግእዙ «በዓል» የመጣ ሲሆን ጌታና ባለቤት ማለት ነው። ንጉሥ ሲነግሥ ሚስቱ እቴጌ ትሆናለች እንጂ ከእርሱ እንድትለይ አትደረግም፤ ንግሥት ስትነግሥ ግን ጌታዋ በመንግሥቱም ላይ ጌታ ይሆናል ተብሎ ተፈራ። ራስ ጉግሣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሞቱ፤ ንግሥቲቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ።

ሕግ ሲለወጥ ያልተለወጠው

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ተለውጦአል። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዙፋኑን ለወንድ ዘር ብቻ ወሰነ፤ የማክዳ መሐላ በአዲስ ቃል ተጻፈ። በዚያው ሕገ መንግሥት ግን ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ፤ በ1949 ዓ.ም. በተደረገውም ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለፓርላማ ተመረጡ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አደረገ፤ ሚስትም በሕግ በተፈቀደው ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው አዘዘ። ባል አገልጋይ ሊቀጥር የማይችል ከሆነም የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ደነገገ። በዚህም ልማድ የነበረው ሕግ ሆነ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሴቶችን እኩልነት አጸና፤ የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ለባልና ለሚስት በትዳራቸው እኩል መብት ሰጠ።

ነገር ግን ከላይ እንዳየነው፥ ርስትና ፍች የሴትም መብት በነበሩበት ዘመን ንቀቱ አልጠፋም። ስለዚህ በሕግ መስተካከል ብቻ ይጠፋል ብሎ መጠበቅ ታሪክን አለማስተዋል ነው። የታሪክ ጸሓፊዎችም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለንም። የሴቶችን ታሪክ ልንጽፍ ስንነሣ አስቀድመን የምንፈልገው ጋሻ ያነሡትን ነው። ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ከተገደሉ በኋላ አርበኞችን የመሩት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም በእውነት ሊመሰገኑ ይገባቸዋል። ነገር ግን በወረራው ዘመን ወሬ ያቀበሉ፣ መድኀኒትና ስንቅ የላኩ፣ አርበኛ የደበቁ ሴቶች «የውስጥ አርበኞች» ከመባላቸው በስተቀር ሥራቸው በዝርዝር አልተጻፈም። የጀግኖችን ስም ዝርዝር በሴቶች ስም ብናበዛው መስፈሪያው ያው የወንድነት መስፈሪያ ሆኖ ይቀራል፤ ለጥቂቶች «ወንድ ናት» ስንል የቀሩትን ሁሉ ከታሪክ እናወጣለን።

ስለዚህ ለከፍተኛ ተማሪዎች የምናሳስበው ይህ ነው። በየአገራችሁ ያሉትን ባልቴቶች ጠይቁ፤ አንድ ቍና እህል ለመፍጨት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ፥ ዘማች ሲሰናዳ ስንቁ በስንት ቀን እንደሚደርስ፥ ባል በሞተ ጊዜ መሬቱ ለማን ታርሶ ለማን እንደ ገባ ጻፉ። በሞተር የሚዞር ወፍጮ ወደየገጠሩ በገባ ቍጥር የድንጋዩን ወፍጮ የሚያውቁት እያነሡ ነው። የአንድን ዘመቻ ታሪክ በፉከራው ብቻ ሳይሆን በዱቄቱም ልክ መጻፍ ስንጀምር፥ «ሴት ያሳደገው» የተባለው ልጅ በማን ድካም እንዳደገ ይታወቃል፤ በዚያን ጊዜም ቃሉ ስድብነቱን ያጣል።